በመስኮት የወረወርነው ድንጋይ

የልጅ ኪስ የማይሞላ ጎተራ ነው። እናት ልብስ ለማጠብ ተነሥታ የልጇን ሱሪ ብታራግፍ ጠጠር ይወርዳል፤ የጠርሙስ ክዳን ይወርዳል፤ ከወንዝ ዳር የተለቀመ ነጭ ድንጋይ ይወርዳል። «ይህን ሁሉ ኮተት ምን ያደርግልሃል?» ትልና ወደ ደጅ ትጥለዋለች። ልጁም ጥቂት አኵርፎ ይረሳዋል፤ ወይም የረሳው ይመስለናል። ነገሩ በየቤቱ በየቀኑ የሚደረግ ስለ ሆነ እንደ በደል የሚቈጥረው ሰው የለም። እኛም ልጆችን በማስተማር ሥራ ብዙ ዘመን ቈይተን ሳለ፥ አንድ ድንጋይ በመስኮት ወርውረን እስክንጸጸት ድረስ እንደ በደል አልቈጠርነውም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ለወላጆች ስለ ምድር ትምህርትና ስለ ቅሪተ አካል ስንጽፍ ነገራችንን ከራሳችን ጥፋት እንጀምራለን።

ከዐሥር ዓመት በፊት ነው። በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፥ ከከሚሴ ከተማ አቅራቢያ ስድስተኛ ክፍል እናስተምር ነበር። ከተማሪዎቻችን አንዱ ከባቲ ቈላ የመጣ፥ ለትምህርት ሲል ከአክስቱ ዘንድ የተቀመጠ ልጅ ነበር። ትምህርት በተዘጋ ቍጥር ወደ አባቱ እየተመለሰ ፍየል ይጠብቃል። የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት አልቆ በተመለሰበት ቀን፥ እኛ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ግስ እያረባን ስንጽፍ እጁን አነሣ። ከደብተሩ ጋር ከያዘው ፌስታል ውስጥ ጭብጥ የሚያህል ቡናማ ድንጋይ አወጣና «መምህር፥ ይህ ድንጋይ ጥርስ አለው» አለን።

ተቀብለን አገላበጥነው። ከመጠኑ ይልቅ ክብደቱ የሚያስደንቅ ነበር። በአንድ ወገኑም እንደ ሞረድ ተርታ ተርታ የሆነ ሸንተረር ነበረው። ነገር ግን ሰዓቱ እየሄደ፥ ትምህርቱም እየተቋረጠ ስለ ነበር «ጥርስ ያለው ድንጋይ አላየንም፤ ድንጋይ ራስ ያለው ተማሪ ግን ብዙ አይተናል» አልንና ድንጋዩን በመስኮት ወረወርነው። ክፍሉ በሣቅ ተናጋ፤ እኛም በቀልዳችን ደስ አለን። ልጁ ምንም ሳይናገር ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ እጁን ሲያነሣ አላየነውም፤ ይህንንም ያስተዋልነው እጅግ ዘግይተን ነው።

እንዲህ ያለውን ጠባይ ግን ካስተማሩን ሰዎች አልወረስነውም። በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን የኔታ ብራና ሲፍቁ እናግዛቸው ነበር። የፍየሉ ቈዳ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ጠጕሩና ሞራው ከተፋቀ በኋላ ማለስለሻው ቀዳዳ የበዛበት ግራጫ ድንጋይ ነው። ያ ድንጋይ ከቅለቱ የተነሣ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል። እኛም ከገንዳው ውስጥ እየጣልን ስንጫወትበት «የኔታ፥ ድንጋይ እንዴት ይንሳፈፋል?» ብለን ጠየቅናቸው። የኔታ በቅኔም በትርጓሜም የታወቁ ሊቅ ነበሩ። «እኔ አላውቅም ልጄ፤ የሚያውቅ ስታገኝ ጠይቅና ለእኔም ንገረኝ» አሉን። ብዙ ዘመን ቈይቶ በዘመናዊው ትምህርት ቤት መልሱን አገኘን፤ ይኸውም ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ አረፋ ነው። ቀልጦ የሚፈነዳው ድንጋይ በውስጡ የታመቀው ጋዝ እየተንፈቀፈቀ ሲወጣ ከነአረፋው ይረጋል፤ ቀዳዳውም የጋዙ ቤት ነው። መልሱን ባገኘንበት ጊዜ የኔታ ዐርፈው ነበርና ልንነግራቸው አልቻልንም። ያ ትልቅ ሊቅ ለአንድ ሕፃን «አላውቅም» ለማለት አላፈሩም፤ እኛ ግን ከእርሳቸው ብዙ ያነሰ ዕውቀት ይዘን አፈርን።

ድንጋዩን በወረወርን በሦስተኛው ዓመት ቤተሰባችንን ይዘን የጥምቀትን በዓል ለማክበር ወደ አዲስ አበባ ሄድን። በበዓሉ ማግሥት አምስት ኪሎ ከሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ገባን። ልጆቹ ድንቅነሽን ለማየት ቸኵለው ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ሲሆን ዋናው አፅም በጥንቃቄ ተቈልፎ የሚቀመጥ መሆኑን አስጐብኚው ነገረን። ከዚያም የጥንት እንስሳት ቅሪት ወደ ተደረደረበት ስናልፍ፥ አንድ ቡናማ ነገር በመስታወት ውስጥ አየንና እግራችን ቆመ። እንደ ሞረድ ተርታ ተርታ የሆነ ሸንተረር ነበረው፤ የጥንት የዝሆን ወገን ጥርስ ነው። ትንሿ ልጃችን እጃችንን እየሳበች «አባዬ፥ ምን ሆንክ?» ትለን ነበር። የምንመልስላት ቃል አጣን።

የዚያ የባቲ ልጅ ድንጋይ በእውነት ጥርስ ነበርን? ጥርስ የሚመስል ተራ ድንጋይም ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ድንጋይ ሰውን ያታልላል። ነገር ግን አውቀን እንዳንፈርድ ራሱን ድንጋዩን ጥለነዋል፤ ከየት እንዳነሣውም አልጠየቅነውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጊዜው መጽሐፍ እየፈለግን፥ የሥነ ምድር ባለሙያም ስናገኝ እየጠየቅን የተረዳነውን ወላጅ ለልጁ ሊያወራው በሚችል አነጋገር እነሆ እናቀርባለን።

በከሚሴ ቆሞ ወደ ምዕራብ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ደጋው እንደ ግንብ ተገትሮ ይታየዋል። የዚህ ግንብ ድንጋይ አብዛኛው ጥቁር ባዛልት ነው። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድር ተሰንጥቃ ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ፥ አንዱ በሌላው ላይ እንደ እንጀራ እየተደራረበ፥ በየስፍራው ውፍረቱ እስከ 2,000 ሜትር የሚደርስ ክምር ሆነ። እናቶቻችን እህል የፈጩበት ወፍጮና መጁ፥ ድስት የሚጣድበትም ጉልቻ በአገራችን ደጋ በአብዛኛው የዚህ ድንጋይ ወገን ነው። ስለዚህ ልጅን ስለ ምድር ለማስተማር የሚፈልግ ወላጅ ከጓዳው ቢጀምር በቂ ነው። ልጁ መጁን በእጁ ይዞ «ይህ አንድ ጊዜ እንደ ሊጥ ይፈስ ነበር» ቢባል፥ ያንን ቃል ቶሎ አይረሳውም።

ከዚህ በኋላ የዐረብ ምድር ከአፍሪቃ እየተለየ ሲሄድ በመካከል ያለው ምድር ሰመጠ። የአፋር ዝቅተኛ ሜዳ እንዲህ ተፈጠረ። ቦርከና የሚፈስበት፥ የጨፋ ረግረግም የተኛበት ሸለቆ በዚሁ መሰንጠቅ ምክንያት ከደጋው ጥግ የወረደ ጐድጓዳ ነው። መለያየቱ ዛሬም አልቆመም፤ በዓመት የሚራመደው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ዝግ ያለው ርምጃ ግን አንዳንድ ጊዜ በድንገት ይገለጣል። በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር፥ ከከሚሴ በስተ ደቡብ በሚገኘው በካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው የምድር መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች፤ ወደ ደሴ የሚያልፈውም መንገድ ተሰነጣጥቋል። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ ደግሞ በአፋር ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በየስፍራው እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ በተደጋጋሚ በተንቀጠቀጠ ጊዜ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል፤ ንውጽውጽታው እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር የሚያድግ ልጅ ከእግሩ በታች ያለውን ምድር ቢያውቅ ቅንጦት አይደለም። መሬት ስትናወጥ ከግድግዳ ርቆ ወደ ሜዳ መውጣትንም የሚማረው፥ ስለ ምን እንደምትናወጥ ሲረዳ ነው።

ልጆች ይህን ሲሰሙ የሚያስከትሉት ጥያቄ አለ፤ «የጥንት አጥንት በአፋር ሲገኝ በእኛ ተራራ ለምን አይገኝም?» ይላሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከእሳት የወጣ ድንጋይ የነካውን ያቃጥላል እንጂ አያኖርም። አጥንትን የሚያኖር ውኃና ጭቃ ነው። በሐይቅ ወይም በወንዝ ዳር የሞተ እንስሳ ሥጋው ይበሰብሳል፤ አጥንቱን ግን ጅብ ሳይጐትተው ፈጥኖ ጐርፍ በደለል ከሸፈነው ይቈያል። በብዙ ዘመን ውስጥ በመሬት ውስጥ የሚዘዋወረው ውኃ ያሟሟውን ማዕድን በአጥንቱ ቀዳዳ ሁሉ እያስገባ ይሞላዋል፤ የአጥንቱ ቅርፅ ሳይለወጥ ባሕርዩ ድንጋይ ይሆናል። ቅሪተ አካል ሲይዙት የሚከብደው ስለዚህ ነው። የዚያ ልጅ ድንጋይ ክብደት ትዝ ባለን ቍጥር ይህን እናስባለን።

ዘመኑስ እንዴት ይታወቃል? ደለሉ ሲነባበር በመካከሉ የእሳተ ገሞራ አመድ ይወርድበታል። በአመዱ ውስጥ ባሉት ቅንጣቶች ፖታሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር በታወቀ ፍጥነት ጥቂት በጥቂት አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። ሊቃውንቱ የጋዙን መጠን ለክተው የአመዱን ዕድሜ ያሰላሉ። አጥንቱ ከአመዱ በታች ከተገኘ ከአመዱ ይቀድማል፤ በላይ ከተገኘ ይከተላል። ስለዚህ የቅሪተ አካል ዋጋው ግማሹ በራሱ፥ ግማሹ በተገኘበት ስፍራ ነው። ከስፍራው ያለ ምልክት የተነሣ አጥንት ቃሉን እንደማይሰጥ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ወንዛችን እንመለስ። ቦርከና በጨፋ ሜዳ አልፎ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽም ወደ ሰሜን እየፈሰሰ ሐዳር በተባለው ስፍራ ግርጌ ያልፋል። በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ይህን ስፍራ ያስተዋለው ሞሪስ ታይብ የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ምድር ሊቅ ነበር። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ የነቢያት ጾም በሚገባበት ዕለት፥ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ የድንቅነሽን አፅም በዚያ አገኙ። ዕድሜው 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን ከመላው አፅም 40 በመቶ ያህሉ የአንዲት ፍጥረት ሆኖ ተገኝቷል። ቁመቷም አንድ ሜትር ከዐሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በተከታዩ ዓመት በ1968 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በሐዳር ቢያንስ የ13 ሰው መሰል ፍጥረታት ቅሪት፥ ትልልቆቹም ሕፃናቱም ባንድ ስፍራ ተገኙ፤ ሊቃውንቱም «የመጀመሪያው ቤተሰብ» ብለው ሰየሟቸው። የከሚሴ ልጅ የሚዋኝበት፥ እናቱም ልብስ የምታጥብበት ውኃ በዚህ ስፍራ አጠገብ የሚያልፍ መሆኑን ስንነግራቸው የተማሪዎቻችን ዓይን እንዴት እንደሚበራ በቃል ለመግለጽ ያስቸግረናል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል የተባለው በእኛ ደርሷል።

ሕፃናትን ግን ከድንቅነሽ ይልቅ የምትማርካቸው ሰላም ናት። ሰላም በ1993 ዓ.ም. ከአዋሽ ማዶ በዲኪካ የተገኘች፥ ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ናት፤ የኖረችውም ከዛሬ 3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። አገራችን ያፈራቸው ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመሩት ጓድ ካገኛት በኋላ፥ አፅሟ በጠንካራ የአሸዋ ድንጋይ ተጣብቆ ስለ ነበር፥ የጥርስ ሐኪም በሚጠቀምበት በመሰለ ቀጭን መሣሪያ አንዲቷን ቅንጣት ከሌላይቱ እየለዩ ለማጽዳት ብዙ ዓመታት ወስዷል። ዜናዋ ለዓለም የተነገረው በ1999 ዓ.ም. ነበር። አንድን ጽሑፍ ሳይጨርስ ወደ ጨዋታ ለሚሮጥ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ የትዕግሥት ትምህርት አላገኘንም።

የአርብቶ አደር ልጆች ደግሞ ሌላ ታሪክ ደስ ይላቸዋል። በ2008 ዓ.ም. በሚሌ አካባቢ አንድ የአፋር ሰው መሬት ላይ ያየውን የመንጋጋ ቍራጭ ሳይንቅ ለዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ጓድ አሳየ። ሊቁም ንግግሩን ሳይንቁ ቍራጩ ወደ ተገኘበት ስፍራ አብረውት ሄዱ፤ በአቅራቢያውም የቀረው የራስ ቅል ተገኘ። ዕድሜው 3.8 ሚሊዮን ዓመት ነው። በ2005 ዓ.ም. በሌዲ ገራሩ 2.8 ሚሊዮን ዓመት የሆነውን መንጋጋ ያገኘውም ቻላቸው ሥዩም የተባለ በዚያን ጊዜ ገና ተማሪ የነበረ ኢትዮጵያዊ ነው። እንግዲህ ይህ ሥራ የፈረንጅ ብቻ ነው የሚል ልጅ ቢኖር እነዚህን ስሞች ይወቅ።

ይህን ጉዳይ በወላጆች ስብሰባ ላይ ስናነሣ አንድ አባት «መምህር፥ እርስዎ በዲቁና ያደጉ ሰው ነዎት፤ የዓለምን ዘመን ሰባት ሺህ አምስት መቶ ብለን እንቈጥራለን፤ ሚሊዮኑን ለልጄ ስትነግሩት እምነቱን አያናጋውም ወይ?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው በብዙ ቤት ያለ ስለ ሆነ ልንሸሸው አይገባም። እኛ ለእርሳቸው የመለስነው ይህን ነው። የባሕረ ሐሳቡ ቍጥር አጽዋማትንና በዓላትን የምንይዝበት የአባቶች ሥርዓት ነው፤ ለልጅዎ ያስተምሩት። ሊቃውንት ከድንጋዩ የለኩትንም አይደብቁበት። ሁለቱን እንዴት እንደሚያስማማ ቢጠይቅዎና መልሱ ቢቸግርዎ «አላውቅም፤ አብረን እንጠይቅ» ይበሉት። የልጅን እምነት የሚያናጋው ጥያቄው ሳይሆን፥ ሲጠይቅ የሚደርስበት ቍጣና ኋላ ከሌላ ሰው የሚሰማው «አባትህ ደብቆሃል» የሚል ቃል ነው። አጠገባቸው የተቀመጡት አንድ ሐጂ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ይህ በእኛም ቤት ያለ ነገር ነው» አሉ፤ ስብሰባውም በጥሩ መንፈስ ተፈጸመ።

እንግዲህ ከቤት ምን ይደረግ? ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። በመጀመሪያ፥ ልጆች ለቅልብልቦሽና ለገበጣ ጠጠር ሲለቅሙ አብረዋቸው ይቀመጡ። የትኛው ከባድ፥ የትኛው ቀላል፥ የትኛው የሚያበራ፥ የትኛው ቀዳዳ ያለው እንደ ሆነ እንዲለዩ ያድርጓቸው። ሁለተኛ፥ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጠጠር፥ አሸዋና ጥቁር አፈር ጨምረው ውኃ ሞልተው ይነቅንቁትና ይተዉት። በማግሥቱ ጠጠሩ ከታች፥ አሸዋው ከመካከል፥ ደቃቁ ጭቃ ከላይ ተነባብሮ ያገኙታል። በጨፋ ረግረግ በየክረምቱ የሚደረገው ይኸው ነው፤ ዛሬ የሚሰፍረው ጭቃ ከብዙ ዘመን በኋላ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፥ ቅጠል ወይም የዶሮ አጥንት በሸክላ ጭቃ ላይ ተጭኖ ቢነሣ ምልክቱ ይቀራል፤ ጭቃው ሲደርቅ ልጁ ቅሪት እንዴት እንደሚታተም በዓይኑ ያያል። አራተኛ፥ የተፈጨ የእንቍላል ቅርፊት ላይ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ቢፈስበት ይፍለቀለቃል፤ የኖራ ድንጋይም እንዲሁ ይሆናል። ጥቁሩ ባዛልት ግን ዝም ይላል። ድንጋይን ከድንጋይ ለመለየት የምድር ሊቃውንትም የሚጠቀሙበት ዘዴ ከዚህ የራቀ አይደለም።

መንገድ የሚሄድ ቤተሰብም በመኪና መስኮት የሚያየው አያጣም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በዓባይ በረሓ የሚያልፍ ሰው፥ በገደሉ ላይ የተነባበረው የኖራ ድንጋይ የጥንት ባሕር ወለል እንደ ነበረና በውስጡም የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል ድንጋይ ሆኖ እንደሚገኝ ለልጆቹ ይንገራቸው። በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በሙሽ ሸለቆ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የዛፍ ቅጠል ከነሥሩ በድንጋይ መካከል ታትሞ ተገኝቷል። በባቲ የሰኞ ገበያ ከአፋር ወጥቶ ከደጋው እህል ጋር ሲለወጥ የኖረው ጨውም ከባሕር የቀረ ነው፤ ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ወደ ደናክል ገብቶ ሲደርቅ ጨውን ትቶት ሄደ።

ከዚህ ሁሉ ጋር ግን አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለን። ተራ ጠጠር መሰብሰብ አይከለከልም፤ አጥንት፥ ጥርስ ወይም በሰው እጅ የተጠረበ ባልጩት የሚመስል ነገር ሲገኝ ግን ከስፍራው አይነሣ። በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ስፍራው፥ ዛፉ፥ ፈፋው በደብተር ይጻፍ፤ ከዚያም ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይነገር። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅሪተ አካልን በቅርስነት ይጠብቀዋል፤ በድንገት ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ገበያ ላይ ለመንገደኛ መሸጥ የአገርን ንብረት መሸጥ ነው፤ ከዚህም በላይ ቀደም ብለን እንደ ተናገርነው፥ ስፍራው ያልታወቀ ቅሪት ዕድሜውን ሊነግረን አይችልም።

ባለፈው ዓመት በአንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ወርደን ሳለን የዚያን ልጅ አባት ፍየል ሲሸጡ አገኘናቸው። ከሰላምታ በኋላ ልጃቸው የት እንደ ደረሰ ጠየቅን። እንደ ብዙ የአካባቢያችን ወጣቶች በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ሳውዲ ዐረቢያ መግባቱን ነገሩን። እኛም የድንጋዩን ነገር ሳንሸሽግ አጫወትናቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው «መምህር፥ ያችን ድንጋይ ለእርስዎ ከማሳየቱ በፊት ለእኔ አሳይቶኝ ነበር። ፍየሉን ትተህ ድንጋይ ትለቅማለህ ብዬ ተቈጥቼዋለሁ» አሉን። ከዚያም ስልካቸውን አውጥተው ደወሉለትና ሰጡን።

ይቅርታ ስንጠይቀው ሣቀ። «መምህር፥ እኔ እኮ በማግሥቱ ማለዳ መጥቼ ከመስኮቱ ሥር ፈልጌው ነበር፤ አጣሁት» አለን። ያን ጊዜ ከዐሥር ዓመት በፊት ልንጠይቀው የሚገባንን ጠየቅነው፤ «ከየት አገኘኸው?» አልነው። ፈፋውን፥ ከፈፋው በላይ ያለውን ግራር፥ ፍየሎቹ የሚጠጡበትን ኵሬ አንድ በአንድ ነገረን። ጻፍነው፤ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤትም አደረስነው። ከዚያ ፈፋ አንድ ነገር ይገኝ ይሆናል፤ ወይም የዐሥር ክረምት ጐርፍ ወስዶት ይሆናል። ልጁ ግን ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት «ታናሽ እኅቴም እዚያው ፍየል ትጠብቃለች፤ እርሷን ብትጠይቁ ታሳያችኋለች» አለን።

ወላጆች ሆይ፥ የልጃችሁን ኪስ ከማራገፋችሁ በፊት አንድ ጊዜ «ከየት አገኘኸው?» በሉት። የሚነግራችሁን እስኪጨርስ ስሙት፤ የማታውቁትንም «አላውቅም» በሉት። እኛም በየክፍላችን እንዲሁ ለማድረግ ተስማምተናል።